ፍሪጁን ከመርገም በፊት
አሜሪካ ውስጥ መኪና ላይ በተሠራ ቤት የሚጓዝ ሰው ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ሲለው ሮጦ አዲስ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ይገዛል። እኔ ግን ሽቦውን ነው የምጠረጥረው። ከእነዚህ ፍሪጆች ብዙዎቹ በጋዝም በ120 ቮልት ኮረንቲም ይሠራሉ፤ በጋዝ ሲሠሩ እንኳ ቦርዱ ከባትሪ 12 ቮልት ካላገኘ አይነሱም፤ ይህን ስንቱ ይዘነጋዋል! የውጭውን ክዳን ከፍቶ፣ ፍሪጁ እንደበራ፣ ቦርዱ ላይ የሚደርሰውን ቮልት በቴስተር መለካት ነው። ባትሪው 12.6 እያሳየ ቦርዱ ጋ 10 ብቻ ከደረሰ፣ ቀሪው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜም የዛገ የግራውንድ ማሰሪያ ላይ። እሱን ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ያድነዋል። በጋዝ እየሠራ በኮረንቲ ብቻ እምቢ ካለ የጋዙን እሳት የሚተካው የኮረንቲ ማሞቂያ ይፈተሽ፦ ኮረንቲው ተነቅሎ፣ ሽቦው ከቦርዱ ተፈቶ፣ ባለ 325 ዋቱ 44 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት።