ዕዳው ገብስ ነው፤ ቅጣቱ ግን ቤት ነው!

“ዕዳው ገብስ ነው” ይላል ያገራችን ሰው፤ ነገሩ ቀላል ነው፣ አያሳስብም ሲል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ዕዳም እንዲሁ ገብስ ነበር። በወር አምስት ብር፣ ስምንት ብር፣ አሥራ ሁለት ብር የሚከፈልበት ቤት ዓመት ሙሉ ቢወዘፍ ዕዳው ስንት ሊሆን ነው? ዛሬ ግን ነገር ተገለባብጧል። ያ ገብስ የነበረው ዕዳ ቤት የሚያሳጣ፣ ሰውን ተወልዶ ካደገበት ሰፈር ባዶ እጁን የሚያስወጣ ሆኖ አረፈው።

ለምሳሌ አንዲት እናት እናስብ። ስማቸው አያስፈልግም፤ እንደሳቸው ያሉ እናቶች በኡራኤልም፣ በሃያ ሁለትም፣ በካዛንቺስም፣ በመገናኛም ሞልተዋል። ልጆቻቸውን ወልደው የዳሩት በጭቃ በተመረገች ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ውሉ ያለው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። ኪራዩ በወር 8 ብር ነው። ድሮ ወር በገባ ቁጥር ቀበሌ ሄደው ይከፍሉ ነበር፤ ደረሰኛቸውንም በፌስታል ጠቅልለው ከፍራሽ ሥር ያኖሩ ነበር። ከዚያ ቀበሌው ወረዳ ሆነ። ቢሮው ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሠራተኛው ተቀየረ፤ መዝገቡም የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

ሊከፍሉ ሲሄዱ “እማማ፣ መጀመሪያ ውሉ በስምዎ ይዙር” ተባሉ። ውሉን ሊያዞሩ ሲሄዱ “መጀመሪያ ውዝፉን ይክፈሉ” ተባሉ። በሌላ ቀን ደግሞ “ሰፈሩ ለልማት ስለሚፈለግ መቀበል አቁመናል” ተባሉ። ዛሬ ነገ ሲባል ሦስት ዓመት አለፈ። በ8 ብር ሂሳብ የ36 ወር ዕዳ 288 ብር ነው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ እንኳ አይገዛም! አንድ ቀን ግን በራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ መዝጋቢዎች መጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ “የታደሰ ውልና የኪራይ ደረሰኝ አለዎት ወይ?” የሚል ነው። እንግዲህ ምን ይበሉ?

ይኸ ምሳሌ ነው። ነገር ግን በቀበሌ ቤት ያደገ አንባቢ ይኸ ታሪክ የማን እናት ታሪክ እንደሆነ አይጠፋውም።

ለመሆኑ መንግሥት አከራያችን የሆነው መቼ ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ያን ጊዜ ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የሆነው ቤት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገባ። ከዚያ በታች ያለው ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጠ። የኪራዩም ልክ ተቀነሰ፤ የድኃው ቤት ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። የቦሌው ቪላ ወዲያ፣ የኡራኤሉ ጭቃ ቤት ወዲህ ሆኖ ሁለቱም አንድ አከራይ አገኙ ማለት ነው። ቪላውን የያዘው የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ስሙ እየተለዋወጠ መጥቶ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተብሏል። ጭቃ ቤቱ ግን የቀበሌ ቤት እንደተባለ ቀረ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አከራዩ ምን ሠራ? ጣሪያው ሲያፈስ አልመጣም። ግድግዳው ሲያዘም አልደገፈም። ሽንት ቤቱ ሲሞላ ለማስመጠጥ መዋጮ የሚሰበስበው ያው ተከራዩ ነው። ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ቆርቆሮ ልቀይር ሲል ደግሞ “ፈቃድ አለህ?” የሚል ሰው ከየት መጣ ሳይባል ደጁ ላይ ይቆማል። “ኪራዩ ጥቂት ስለሆነ ለጥገና አይበቃም” የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነትም አይበቃም። ግን ኪራዩን የተመነው ተከራዩ ነው እንዴ? አከራዩ ግዴታውን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲወዝፍ ማንም አልጠየቀውም፤ ተከራዩ ጥቂት ወር ሲወዝፍ ግን ቤቱን ይጠየቃል። ውዝፍ ከተቆጠረ የሁለቱም ይቆጠር!

ነገሩ ዛሬ የባሰው የከተማይቱ መፍረስና መሠራት ስለፈጠነ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተብሎ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ሌላ ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ የሚወስደው መንገድ ተነካ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተራው ደረሰውና ሕዝቡ ወደ ገላን ጉራ ተወሰደ። ሕጋዊ ለሆነ የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም እንዲመርጥ ተደርጓል፤ ብዙዎችም አግኝተዋል። ይህን አንክድም። ንጹሕ ውኃና የራስ መጸዳጃ ያለው ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ “ሕጋዊ ተከራይ” የሚባለው ማን ነው? ይህን የሚወስነው ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚሰጠውም፣ የሚከለክለውም ያው አከራዩ ነው። ገንዘብ አልቀበልም ያለው ቢሮ ተመልሶ “አልከፈልክም” ሲል በሬ ካራጁ ይውላል ማለት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ቤት ማጣት ደግሞ ግድግዳና ጣሪያ ማጣት ብቻ አይደለም። ያቺ እናት ጉሊት የሚቸረችሩት፣ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡት እዚያው ሰፈር ነው። ዕቁባቸው እዚያ ነው፤ ዕድራቸው እዚያ ነው። ምትክ የተሰጠው ሰው ቢያንስ የሚገባበት አለው። ምትክ ያልተሰጠው ግን በኪራይ ገበያው ላይ ይጣላል። በ8 ብር ይኖር የነበረ ሰው ገርጂ ወይም ሰሚት ለአንዲት ሰርቪስ ክፍል በሺህ የሚቆጠር ብር ክፈል ሲባል ከየት ያመጣዋል?

ሕጉ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ነው። ኪራይ ያልተከፈለው አከራይ ውሉን ከማፍረሱ በፊት ለተከራዩ ቀነ ገደብ ሰጥቶ ያስጠንቅቅ ይላል። በቁጥር 2023 ደግሞ በየጊዜው ለሚከፈል ዕዳ ለአንዱ ጊዜ ደረሰኝ ያለ ተቃውሞ የተሰጠ እንደሆነ ያለፈው ጊዜም እንደተከፈለ ይገመታል። በቁጥር 2024 የቤት ኪራይ ዕዳ መክፈያው ከደረሰ 2 ዓመት ካለፈው እንደተከፈለ ይገመታል። ልብ በሉ! ሕግ አውጪው ድኃ ሰው የሃያ ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ቋጥሮ መኖር እንደማይችል ያን ጊዜውኑ ገብቶት ነበር። ዛሬ ግን የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ደረሰኝ አምጡ ሲባል እንሰማለን። መንግሥት “ይኸ ሕግ እኔን አይመለከተኝም” የሚል ከሆነ የሚመለከተው ሕግ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይንገረን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 90 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን መኖሪያ ቤት እንዲዳረስ ያዛል። እነዚህ ለጌጥ የተጻፉ አይመስሉንም።

የሚገርመው ሌላው ነገር ይኸው መንግሥት የግል አከራዮችን ሥርዓት ለማስያዝ ጎበዝ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ አንቃወመውም። ግን የግል አከራይን ውል አጽና ያለ መንግሥት ራሱ በከተማይቱ ከሁሉም የገዘፈ አከራይ ነው። ተከራዮቹ ውላቸው ሳይታደስላቸው፣ ስማቸው ሳይዞርላቸው ስንት ዓመት ኖሩ? ሌላውን ከመምከር በፊት የራስን ጓዳ ማየት ይቀድማል።

ሲፈልግ ደግሞ ማዘን ያውቅበታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለተከራዮቹ የ50 በመቶ ቅናሽ አደረገ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። ይቻላል ማለት ነው! በሌላውም ዓለም ቢሆን ዕዳና ቤት ለየብቻ ይታያሉ። በእንግሊዝ አገር የማዘጋጃ ቤት ተከራይ ኪራይ ቢወዘፍበት አከራዩ በመጀመሪያ አነጋግሮት በአቅሙ በየወሩ የሚከፍልበትን መንገድ መሞከር አለበት። ካልሆነም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው ደግሞ “በየጊዜው ይህን ያህል እየከፈልክ ቤትህ ውስጥ ቆይ” ብሎ ሊወስን ይችላል። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰውየውን ከቤቱ ማስወጣት የለም። ይህን ለማድረግ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ሰውን ሰው ብሎ መቁጠር ይበቃል።

በተከራዩም በኩል ጥፋት የለም አንልም። በ8 ብር የያዘውን የቀበሌ ቤት በሺህ ብር አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ የሚኖር አለ። የራሱን ቤት ሠርቶ የቀበሌውን አልለቅም ያለም አለ። ሰው በሞተበት ቤት በጉቦ ዘው ብሎ የገባም አለ። የከተማው አስተዳደር ራሱ በጥር 2013 ዓ.ም. ባወጣው የማጣራት ውጤት በሺህ የሚቆጠሩ የቀበሌ ቤቶች ከሕግ ውጪ መያዛቸውን ተናግሯል። ታዲያ ያን ሁሉ ቤት ያለ ባለሥልጣን እጅ ማን ሰጠው? በር ሰብሮ ለገባው ውል ሲዋዋል የኖረ ቢሮ አርባ ዓመት የኖሩትን እናት በ288 ብር ቢያስወጣ ፍርደ ገምድል ነው። “ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ምን ልክፈል” ብሎ እያለው የተወውም ጥፋተኛ ነው፤ ግን ጥፋቱ የገንዘብ ነውና በገንዘብ ይጠየቅ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ውዝፍ ኪራይ ዕዳ ይሁን እንጂ ቤት መንጠቂያ አይሁን። ያለበት ሰው በአንዴም፣ በየወሩም ቢሆን ከፍሎ ይወጣ፤ የምትክ መብቱ ግን አይነካ።

ሁለተኛ፣ ማንም ሠራተኛ “ኪራይ አልቀበልም” ካለ ምክንያቱን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ይስጥ። ያለ ጽሑፍ የተመለሰ ክፍያ በተከራዩ ላይ እንደ ውዝፍ አይቆጠር።

ሦስተኛ፣ የሟች ባለቤት፣ የሟች አባት ስም የተጻፈበት ውል ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት ይዙር። መብራትና ውኃ በስልክ በሚከፈልበት ዘመን ተከራይ የቤቱን ሂሳብ ራሱ የሚያይበት መንገድ መበጀት አለበት። መዝገቡን የሚያውቀው አንድ ጸሐፊ ብቻ ሲሆን ጸሐፊው አከራይም ዳኛም ይሆናል።

አራተኛ፣ ቤቱን የሚነጠቅ ሰው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያና በቂ ቀን ይሰጠው፤ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ዶዘር አይድረስበት።

ለተከራዩም የምንለው አለን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ኪራዩ ትንሽ ነው ብለህ፣ ብለሽ አትናቁት። ዛሬውኑ ክፈሉ። ደረሰኙን ያዙ፤ ፎቶም አንሡት፤ ቅጂውንም ለዘመድ ስጡ። አንቀበልም ካሏችሁ ማመልከቻ ጽፋችሁ አስገቡ፤ የገባበትን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ውጡ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ዕድራችሁን፣ ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ብቻውን ለሄደ ሰው “ነገ ና” ማለት ቀላል ነው፤ ለሰፈር ሕዝብ ግን እንዲያ አይባልም።

ለሹሞቹ ግን አንድ ነገር ብቻ እንበል። ዛሬ በቀይ ቀለም ምልክት የምታደርጉበት በር የዕቃ መጋዘን በር አይደለም። ከውስጡ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ዕዳቸው ገብስ ነው፤ ይከፍሉታል። የእናንተ ዕዳ ግን የግማሽ ምዕተ ዓመት ነው።

ሰሚ ካለ ይስማ!