ወድቆ የሚገኝ ድሮን የባለቤቱ ስልክ ይጻፍበት

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከጎሮና ከቦሌ አራብሳ ወዲያ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃና የጤፍ ማሳ የሚተያዩባቸው ቦታዎች ዛሬም አሉ። በእንዲህ ያለ አካባቢ ከከተማው የተነሣ ነገር ሁሉ ማረፊያው ማሳ ሊሆን ይችላል። ፌስታል በነፋስ ይመጣል፤ የልጆች ኳስም ይመጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለፎቶግራፍና ለመዝናኛ የሚበር አነስተኛ ድሮን ተጨምሯል።

እንደሚታወቀው በአገራችን ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር ያለ ፈቃድ አይቻልም። ፈቃዱ ከሚጠየቅባቸው መሥሪያ ቤቶች ዋነኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሲሆን፣ ፈቃድ የሌለው ድሮን ይዞ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ ዕቃው በጉምሩክ ይያዝበታል። የቦሌ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ በመሆናቸውም አውሮፕላኖች በምሥራቁ ሠፈር ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ በዚያ መሥመር ድሮን ማብረር የሰው ሕይወት መድፈር ነው። እዚህ የተነሣው ጉዳይ ግን ፈቃድ አግኝቶ በተፈቀደለት ሥፍራ የሚያበረውን ሰው ይመለከታል። ይኸውም ድሮኑ የጠፋበት እንደሆነ፣ ዕቃውን ያገኘው ገበሬ ባለቤቱን በምን ያውቀዋል? የሚለው ነው።

ድሮን የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ የድሮኑ ተሽከርካሪ ክንፎች በአየር ላይ ለመቆየት በበለጠ ፍጥነት መዞር አለባቸው። በዚህም የተነሣ ባትሪው አምራቹ ከጻፈው ጊዜ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። የበጋው ነፋስ ሲበረታ ነፋሱን ተከትሎ የሄደው ድሮን ነፋሱን ተጋፍቶ መመለስ ይሳነዋል። ጭላትም ባላንጣ መስሎት ሊወርድበት ይችላል። ባለቤቱ በስልኩ ላይ የመጨረሻውን ቦታ ቢያይም፣ ባትሪው ከተበተነ ወይም ከሞተ በኋላ ዕቃው ያለበትን መንገር አይችልም። በአካሉ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን ባትሪ አያስፈልገውም።

የነገሩ ክብደት የሚታየው ከባለቤቱ ይልቅ በአግኚው በኩል ነው። ድሮን የሚለው ስም በብዙ የገጠር ቤት የተሰማው በፎቶግራፍ ሥራ አይደለም፤ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል ግጭት ከጦር መሣሪያነቱ ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ አንድ አርሶ አደር ማለዳ ከማሳው መካከል ዓይን የመሰለ መስታወት ያለው፣ ስምም ምልክትም የሌለው ዕቃ ቢያገኝ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቢያነሣው “ከየት አመጣኸው?” የሚል ጥያቄ ይፈራል፤ ቢተወው ልጆች ይነካኩታል፤ ቢሸሽገው ጥፋተኛ ይመስላል። አንድ የስልክ ቁጥር ቢኖርበት ግን ጉዳዩ በአንድ ጥሪ ያልቃል።

ንብረትን ምልክት ማድረግ ለኅብረተሰባችን አዲስ ትምህርት አይደለም። ከብት አርቢው በሬውን በጋለ ብረት ይተኩሳል ወይም ጆሮውን ይበጣል፤ በሬው ሲጠፋ “ዳልቻ፣ ቀኝ ጆሮው የተበጣ” ተብሎ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠየቃል። እህል የሚያስፈጭ ሰውም በወፍጮ ቤት ከሌላው እንዳይቀያየርበት በጆንያው ላይ ስሙን ይጽፋል። የአንድ ጆንያ ስንዴ ባለቤት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ከሆነ፣ ከብዙ ጆንያ ስንዴ ዋጋ የሚበልጥ ዕቃ ወደ ሰማይ የሚለቅ ሰው ስሙን ሳይጽፍ መልቀቁ ያስገርማል።

ለዚህ ጥሩ አርአያ ከዚያው ከቦሌ ይገኛል። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከቦሌ ጣቢያው የላይኛውን አየር ለመለካት ፊኛ ሲለቅ ኖሯል። በዓለም ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ይህንኑ ሥራ በስምምነት በተወሰነ ሰዓት ያከናውናሉ፤ ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ፊኛው የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ግፊትና ነፋስ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣና ይፈነዳል፤ መሣሪያውም ወደ ምድር ይወርዳል። የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ በትክክል ስለማይታወቅ፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የአየር ጠባይ መለኪያ መሆናቸውንና ጉዳት እንደማያደርሱ የሚናገር ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል። ሳይንቲስቱ ለማያውቀው ገበሬ አስቀድሞ መልእክት ላከ ማለት ነው።

በውጭ አገርም ልማዱ ወደ ሕግ ተሸጋግሯል። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን የመዝናኛ ድሮን ይመዘገባል፤ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ወዲህም የምዝገባ ቁጥሩ በውጭ አካሉ ላይ እንዲጻፍ ታዟል። ቀደም ሲል በባትሪው ማስቀመጫ ውስጥ መጻፍ ይበቃ ነበር፤ ዳሩ ግን ከፍቶ የሚያነበው ፖሊስ በውስጡ ፈንጂ ቢኖር አደጋ ላይ እንዳይወድቅ ተብሎ ተለወጠ። እንግሊዝም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለድሮኑ ኃላፊ የሆነው ሰው መለያ ቁጥር በድሮኑ ላይ እንዲኖር አስገድዳለች። ሆኖም ይህን ሁሉ እንዳለ መቅዳት አይበቃም። የምዝገባ ቁጥር የሚጠቅመው መዝገቡን ማየት ለሚችል ሰው ነው፤ በማሳው ላይ ለቆመው ገበሬ ግን የሚጠቅመው የስልክ ቁጥር ነው።

“ስልኬን ብጽፍ አግኚው ገንዘብ ይጠይቀኛል” የሚሉ ይኖራሉ። መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ወረታ የቆየ ወግ ነው። ዕቃው ከነጭራሹ ከሚቀር ወረታ ከፍሎ ማግኘት ይሻላል። ሌሎች ደግሞ “ስሜ ከታወቀ እጠየቃለሁ” ይላሉ። በፈቃድ የሚያበር ሰው መጠየቅን የሚፈራበት ምክንያት የለም፤ ስሙን ለመጻፍ የሚፈራ ካለም ማብረሩን ቢተው ይመረጣል።

እንግዲህ አሠራሩ ቀላል ነው። የባለቤቱ ስም፣ የራሱና የአንድ ዘመዱ ስልክ፣ የፈቃዱም ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ “ካሜራ ነው፤ ሲገኝ ይደወል” የሚል ቃልም ይጨመርበት። የአካባቢው ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ጽሑፉ በአማርኛና በኦሮምኛ ይሁን። በግልጽ ፕላስተር ተሸፍኖ በዋናው አካል ላይ ይለጠፍ። ባትሪው ሲወድቅ ሊወጣ፣ ክንዱም ሊሰበር ስለሚችል በእነርሱ ላይ ብቻ መጻፍ አይበቃም። መስታወቱንና የአየር ማስገቢያውን መሸፈንም አይገባም። ክብደቱ ከ1 ግራም አያልፍም።

አግኚውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የተመታ የሊቲየም ባትሪ ቆይቶም ቢሆን ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከጨሰ ከነጭራሹ አይነካ፤ ልጆች ይራቁ። ደህና የመሰለውም ቢሆን ከአውድማና ከጭድ ክምር ርቆ በባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ ወደ ቤት አይግባ። ጽሑፍ የሌለበት እንደሆነ ለቀበሌው ማስታወቅ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ወድቆ የተገኘን ዕቃ ባለቤቱ እንዲያውቀው ማድረግን የአግኚው ግዴታ አድርጎታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ከዘርና ከማዳበሪያ ምክራቸው ጋር በአንድ ስብሰባ ቢያነሡት ጊዜ አይወስድባቸውም።

ባለቤቱም ሲጠራ ሰተት ብሎ በማሳው ውስጥ ሊሮጥ አይገባም። አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የተረገጠ ሰብል ካለ ይክፈል፤ ያመስግንም። ሰብሉ ለገበሬው የዓመት ጉርሱ ነውና።

ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ይህን ጽሑፍ ከፈቃዱ ግዴታዎች አንዱ ቢያደርጉት መልካም ነው። እስከዚያው ግን ድሮን ያለው ሁሉ መመሪያ መጠበቅ የለበትም። አንድ ብጣሽ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ በእጁ ነው፤ ከሚቀጥለው በረራ በፊት ይጻፍ።