አስታማሚዋን ከበር አትመልሷት

ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው አንደኛው ወይም ሁለተኛው ሌሊት ነው። ቀን ከልጆቻቸው ጋር ሲያወሩ የዋሉ እናት፣ ዋርዱ ጭር ሲል ቤታቸው ያሉ ይመስላቸዋል። ከሞተች ዓመታት ያለፏትን እህታቸውን ይጣራሉ፤ የግሉኮሱን ቱቦ ፈትል ይመስል በጣታቸው ሊጠቀልሉት ይጎትቱታል። ልጃቸው ደንግጣ ነርስ ትጠራለች። ከጎን አልጋ ያሉት «ማደንዘዣው ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ ነው» ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ «እርጅና ነው፣ ጃጅተው ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ነገሩ እዚያ ላይ መዘጋት የለበትም። ሕመሙ ዲሊሪየም ይባላል፤ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ፣ አንዴ ሻል አንዴ ባስ የሚል፣ ማታ ማታ የሚበረታ የአእምሮ መናጋት ነው። መጃጀት በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ማክሰኞ የዕድር ገንዘባቸውን ቆጥረው የሰጡ እናት ሐሙስ አይጃጁም።

ማደንዘዣውን ብቻ መክሰስም ከእውነቱ ያርቃል። በአሜሪካና በካናዳ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 1,600 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ነበሩ። ግማሾቹ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በጀርባ ተወግተው ከወገብ በታች ብቻ ደነዘዙ። በሁለቱም ወገን ከአምስቱ አንዱ ያህል ዲሊሪየም ያዘው። የቁስሉ ብግነት፣ ኢንፌክሽን፣ ሕመም፣ ሽንት መቋጠር፣ የሆድ ድርቀት፣ ውሃ ጥምና እንቅልፍ ማጣት ተደራርበው አእምሮን ያናጋሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው፤ ፈላጊ ካገኙ።

ጉዳዩ የሴቶች ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት ይሳሳል፤ በዓለም ላይ የዳሌ ስብራት ከሚደርስባቸው አረጋውያን የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ዲሊሪየሙ ሲለቅም ሁሉም ሰው ወደነበረበት አይመለስም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና ውጭ ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 1,218 ሰዎች በማስታወስና በትኩረት ፈተና ተከታትሏል። ከሳምንት በኋላ ሩብ ያህሉ፣ ከሦስት ወር በኋላም ከአሥሩ አንዱ ቀድሞ ከነበሩበት ወርደው ተገኙ። ወጡ ላይ ደጋግሞ ጨው መጨመር፣ የሰው ስም መጥፋት፣ ገበያ ሄዶ የመጡበትን መርሳት፤ ቤተሰብ የሚያየው ይህን ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። በቻይና ቼንግዱ ከተማ በሚገኘው የምዕራብ ቻይና ሆስፒታል፣ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 281 አረጋውያን ላይ የተሞከረው ነገር አዲስ መድኃኒት አልነበረም። ነርሶችና የቤተሰብ አባላት አብረው በሽተኛዋ ያለችበትን ቦታና ሰዓት ያስታውሷታል፣ መነጽሯን ያደርጉላታል፣ ውሃ ያጠጧታል፣ ቶሎ ያስነሷታል፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይረበሽ ይጠብቃሉ። በተለመደው አያያዝ ከመቶ 19 ያህሉን የያዘው ዲሊሪየም እዚህ ከመቶ ሦስት ያህሉን ብቻ ያዘ። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እኛ ዘንድ አስታማሚ ሳይጠራ ይመጣል። ልጅ፣ ምራት፣ እህት ጋቢና ፔርሙዝ ይዛ ከበር ትቆማለች፤ ጥበቃው ይመልሳታል። ምክንያቱ አይጠፋም፤ ዋርዱ ጠባብ ነው፣ ሕዝብ ሲበዛ ኢንፌክሽንም ይበዛል። ግን አንዲት የታወቀች ሰው፣ ከዕድሜ ባለጸጋዋ አጠገብ ቀንና ሌሊት እንድትሆን መፍቀድ የሕክምናው አካል እንጂ ውለታ አይደለም። ከበር የተመለሰችው ልጅ በምትሠራው ፈንታ የሚደረገው ያሳዝናል። እጅ በሻሽ ይታሰራል፤ ለእንቅልፍ ዳያዜፓም ይወጋል። ሁለቱም በአረጋውያን ላይ መናጋቱን የሚያባብሱ ናቸው።

መነጽሩስ? ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባታቸው በፊት መነጽሩ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱና የማዳመጫ መሣሪያው በፌስታል ተደርጎ ለልጃቸው ይሰጣል። ልጅቷ ከተመለሰች ፌስታሉም አብሯት ቤት ይገባል። እናት በማያዩትና በማይሰሙት ክፍል ውስጥ ይነቃሉ። የውሃው ነገርም እንዲሁ ነው። ዛሬ የዘርፉ መመሪያዎች ለአብዛኛው በሽተኛ ማደንዘዣ ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ንጹሕ ውሃ መጠጣትን ይፈቅዳሉ፤ ተራቸው ከሰዓት በኋላ የሆነ አሮጊት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አፋቸው ደርቆ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ የሚያመልጠው ጸጥተኛው ዲሊሪየም ነው። እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ይውላሉ፤ የቀረበላቸውን አይነኩም። ተረኛው ሐኪም «እንዴት አደሩ እማማ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ያ መልስ ዕድሜ ልክ አፍ ላይ የኖረ ስለሆነ አእምሮ ተናግቶም ይወጣል። ካርዱ ላይ «ደህና ናቸው» ተብሎ ይጻፋል።

ልጃቸው ግን ምን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ዓመተ ምሕረቱን ላይናገሩ ይችላሉ፤ «ዛሬ ማን ነው?» ሲባሉ ግን ሚካኤል ይሁን ማርያም አያመነቱም። ሙስሊም እናትም ዙህር ማለፉን፣ አስር መድረሱን ከማንም አይጠይቁም። ትናንት ያላመነቱት እናት ዛሬ ግራ ሲጋቡ መጀመሪያ የምታየው አጠገባቸው ያደረችው ልጅ ናት። ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ ከዋርዱ ከማስወጣት ይልቅ «ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቋት፤ የምትለውም ካርዱ ላይ ይጻፍ።