የመስቀል ወፍ ከወዴት ይመጣል?

ዓመት ሙሉ ጠፍቶ በበዓል ቀን ብቅ የሚለውን ዘመድ «የመስቀል ወፍ ሆንህብን» ብለን እንወቅሰዋለን። ለመሆኑ ወቀሳው ለወፉ ይገባዋልን?

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ በልማድ ጸደይ በምንለው፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን መፀው በሚሉት ወራት መግቢያ፣ በየጓሮአችን ያልጠበቅነው እንግዳ ይታያል። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ከአንድ ወገን በላይ ናቸው። አንዱ ጀርባው ቢጫ፣ ሆዱ ጥቁር ነው፤ ሌላው ምንቃሩ ቀይ፣ ላባው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከቁመቱ የሚበልጥ ቀጭን ጅራት ይጎትታል። ይህ ባለጅራቱ ክብደቱ 20 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በአጥር ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየጮኸ ከእርሱ የሚበልጡትን ወፎች ከተበተነው እህል ሲያባርር ይውላል። ዜማው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመሪጌታ ጆሮ የሚበቃ አይደለም።

ሕፃናት «ከወዴት መጣ?» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ወላጆች «ከሩቅ አገር» ይሉአቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በበጋ ከመንጋው ጋር ምግብ ፍለጋ በየሜዳው ይዞራል እንጂ አገር አይለቅም። በዚያን ጊዜ ወንዱ እንደ ሴቲቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለ ሆነ ከድንቢጥ አንለየውም። ዝናሙ ወርዶ ሣሩ ማፍራት ሲጀምር፣ የመራቢያው ጊዜ ነውና፣ አሮጌውን ላባ ጥሎ የሰርግ ልብሱን ይለብሳል፤ ወራቱ ሲያልፍም ያወልቀዋል። ሴቲቱ ግን ዓመቱን ሁሉ በዚያው በቡናማ ልብስዋ ትኖራለች።

እንግዲህ ልጅ በጥር ወር ወንጭፉን አንሥቶ «ድንቢጥ ናት» ብሎ የሚጥላት ወፍ፣ በመስከረም በናፍቆት የሚጠብቃት ራስዋ ልትሆን ትችላለች። ይኸን የነገረው ሰው የለም።

የሣሩም ነገር አለ። ቢጫው ወፍ ጎጆውን በረዥም ሣር ውስጥ ይሠራል። የባለጅራቱ ሚስት ደግሞ ከነጭራሹ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላልዋን በሌሎች ትንንሽ የሣር ወፎች ጎጆ ትጥላለች፤ ጫጩትዋ ግን የባለቤቶቹን ልጆች ገፍትራ አታወጣም። ስለዚህ ለጉዝጓዝ ወይም ለላሚቱ ተብሎ የጓሮው ሣር ሁሉ ሲታጨድ የአሳዳሪውም የእንግዳውም ቤት አብሮ ይታጨዳል። በአጥሩ ሥር አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለው ሣር እስኪደርቅ ድረስ ሳይነካ ቢቆይ ለቤቱ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ለልጆች ይህን በቃል ከመንገር ማሳየት ይሻላል። ላባው በሚለወጥበት ሰሞን ወንዱ ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ እንደ ተጣፈ ጋቢ ተዥጎርጉሮ ይታያል፤ ያም ረዥም ጅራት በየተራ እየተነቀለ ይወድቃል።