ዝናቡን ተዉት፣ ምን አደረገ?

በኛ አገር ጥፋቱን የሚሸከምለት ላጣ ሁሉ ዝናብ አለለት፡፡ መንገድ ሲፈርስ ዝናብ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዝናብ ነው፤ ስብሰባ ሲጓተት ዝናብ ነው፡፡ ጎብኚ ጭኖ የወጣ ኮስተር ምንም ሳያሳይ ሲመለስም ተከሳሹ ያው ዝናብ ነው፡፡ ስለዚህ ዛሬ ለዝናብ ጥብቅና ልንቆም ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ከደመወዛችን ቆንጥረን ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ ተሳፈርን፡፡ ማስታወቂያው ሸለቆውን፣ ጭላዳውን፣ «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚባለውን ሁሉ ቃል ገብቶልናል፡፡ ሱሉልታን ሳናልፍ ዶፉ ወረደ፤ ሙከጡሪ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው፡፡ ገደሉ አፋፍ ደርሰን ስንመለከት ያየነው ነጭ ጉም ብቻ ነው፡፡ አስጎብኚው «እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ስልኩን መጎርጎር ጀመረ፡፡ ገንዘብ ይመለስልን ያለ ሰው «ዝናቡን እኛ አላዘነብነው!» ተባለ፡፡ ሲመሽ ደግሞ ሹፌሩ የባከነውን ሰዓት ለማካካስ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሲከንፍ፣ «ኧረ ቀስ!» እያለ የጮኸው ተሳፋሪው እንጂ አዘጋጆቹ አልነበሩም፡፡

እሺ፣ ዝናቡን አላዘነባችሁትም፡፡ ግን ጎበዝ፣ የሐምሌ ዝናብ ድንገተኛ እንግዳ ነው እንዴ? ገበሬው ቀኑን ቆጥሮ ይጠብቀዋል፤ ተማሪው ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሱ ነው፡፡ በሐምሌ ትኬት የሸጠ ሰው ዝናቡንም አብሮ ሸጧል፡፡

የበሽታው ሥር ራቅ ይላል፡፡ የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለፈረንጅ ያስተዋወቁት «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ነው፡፡ ለማስታወቂያ ግሩም ነበር፡፡ መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተካ፤ ጉዞ አዘጋጆቻችን ግን ዛሬም ከፀሐይ ሌላ የሚሸጥ ነገር የለንም ባዮች ናቸው፡፡ በአማርኛ እኮ መፈክሩ «የ13 ወር ፀጋ» ነበር፡፡ ልብ በሉ፣ ፀጋ! ዝናብ ፀጋ ካልሆነ ታዲያ ምኑ ነው ፀጋ የሚባለው? ጢስ ዓባይ በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ተጠልፎ ሲሳሳ፣ ግርማውን የሚመልስለት ክረምቱ አይደለም?

ጭጋግም ቢሆን ዓይን ይይዛል እንጂ ጆሮ አይደፍንም፡፡ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለመሠረቱት ገዳም ለመተረክ ፀሐይ አያስፈልግም፡፡ የግራዚያኒ ጦር በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱን በጅምላ መፍጀቱን ለመናገር ሰማዩ መጥራት የለበትም፡፡ ያ «የፖርቹጋል» የሚባለው ድልድይ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው እንደሚባል መንገር ምን ይከብዳል? አስጎብኚው ዝም ያለው ዝናቡ አፉን ይዞት ሳይሆን የሚናገረው ስላልነበረው ነው፡፡

አዘጋጆቹ «የመኪና ኪራዩንና ነዳጁን ዘነበም አልዘነበም እንከፍላለን» ይላሉ፡፡ እውነት ነው፤ ለኪሳራ ኑሩ አላልንም፡፡ የምንለው አጭር ነው፡፡ አንደኛ፣ ጭጋግ ቢሆን ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ከመሳፈራችን በፊት በጽሑፍ ይነገረን፤ ሁሉም ባይመለስ ያልተበላው ምሳ ይመለሳል፣ ለሌላ ቀን ቅናሽ ይደረጋል፡፡ ሁለተኛ፣ መንገዱ ካልታየ ኮስተሩ ይመለስ፡፡ እነ ሉሲ ያሉበት ብሔራዊ ሙዚየም ጣሪያ አለው፤ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየምም እንዲሁ፡፡ ሦስተኛ፣ የሚተርክ አስጎብኚ ቅጠሩ፡፡ አራተኛና ዋናው፣ የጠፋ ሰዓት በነዳጅ መርገጫ አይመለስ፡፡ ያልታየ ሸለቆ ሌላ ጊዜ ይታያል፤ ከሸለቆው የገባ ኮስተር ግን አይመለስም፡፡

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይምሰላችሁ፡፡ አገሩን በራሱ ብር ለማየት የሚወጣ ወጣት ገና አሁን እየበዛ ነው፡፡ ያንን ልጅ አንዴ በጉም አታልላችሁ ከመለሳችሁት በሚቀጥለው ቅዳሜ ካፌው ውስጥ ነው የምታገኙት፤ ያኔ በጠራራ ፀሐይም ብትጠሩት አይመጣም፡፡

ዝናቡማ ሥራውን ሠርቷል፡፡ እናንተስ?

ቸር እንሰንብት!