ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አየር መንገዳችን በሰው ሰማይ ምን አገባው?

ጎበዝ! አየር መንገዳችን ሲመሰገን ደስ የማይለው ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እኔም ያው ነኝ። ግን ፍቅር ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ። ስለምንወደው ብቻ አፋችንን ይዘን መቀመጥ የለብንም።

እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2023 አቡጃ ላይ የሆነውን እናስታውስ። የኛው ቦይንግ 737 «ናይጄሪያ ኤር» የሚል ቀለም ተቀብቶ አረፈ። የዚያች አገር መንግሥት ሥልጣን ሊያስረክብ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር! አውሮፕላኑም በዚያ ስም አንድም መደበኛ በረራ ሳያደርግ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ኋላ አዲሱ ሚኒስትር ፌስተስ ኬያሞ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሥራውን አገዱት። በ2024 ደግሞ ሌጎስ የተሰየመው ፌዴራል ፍርድ ቤት የ49 በመቶውን የአክሲዮን ውል ውድቅ አደረገው።

ለመሆኑ ይህ አስቀድሞ አይታይም ነበር? በሚገባ ይታይ ነበር እንጂ! በ2004 የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ በዚያው በ49 በመቶ ድርሻ ቨርጂን ናይጄሪያን አቋቁሞ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጥሎ ወጥቷል። ገንዘቡስ? በ2022 ኤምሬትስ የቲኬት ገንዘቤን በዶላር ማውጣት አቃተኝ ብሎ በረራውን አቋርጦ ነበር። በ2023 ናይጄሪያ ውስጥ ተይዞ የቀረው የውጭ አየር መንገዶች ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድረሱን ኢያታ አስታውቋል። በናይራ አትርፎ በዶላር ነዳጅና መለዋወጫ መግዛት እንዴት ይቻላል?

የአገሬው አየር መንገዶች ፍርድ ቤት የሄዱት ደግሞ ገና በ2022 ነው። «ቀኑብን» የሚሉ አሉ። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ እኛ በአገር ውስጥ መደበኛ በረራችን ላይ የውጭ ኩባንያ 49 በመቶ ይዞ ቢመጣብን እልል ብለን ልንቀበል ኖሯል? የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከ1945 ጀምሮ ሙያውን ሲያስተምረን ባለቤትነቱ የኛው ነበር። ለራሳችን የወደድነውን ለሌላው ስንነፍግ ቢከሱን ምን ይገርማል?

አየር መንገዳችን ከቦሌ አይውጣ እያልኩ አይደለም። ሎሜ ላይ ያለው አስካይ ከ2010 ጀምሮ እየበረረ ነው። እዚያ የገባነው በብዙ አፍሪካውያን ባለአክሲዮኖች መሀል እንጂ በአንድ ተሰናባች ሚኒስትር ችሮታ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከኮንጎ መንግሥት ጋር 51 ለ49 ተካፍለን ኤር ኮንጎ ተጀምሯል። ይቅናን! ነገር ግን እጠይቃለሁ፦ ትርፉ በምን ገንዘብ ይወጣል? መንግሥት ቢለወጥ ውሉን ማን ያስከብራል? የአገሬው ተፎካካሪስ ምን ይላል? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ አንድም አውሮፕላን የሰው ቀለም መቀባት የለበትም። መልሱም በዝግ ስብሰባ ተነግሮ የሚቀር ሳይሆን በአደባባይ የሚገለጽ መሆን አለበት። አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ማለት ደግሞ የሕዝብ ማለት ነው። ቢከስር ከፋዩ ይኸው ሕዝብ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ልብ ያለው ልብ ይበል!