ስልኩ ይቁጠር፣ ሰው ይጠይቅ

ውድ የአገሬ ልጆች፣

እኛ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያለነው ደኅና ነን፤ ደኅና ነን የምንለው ግን ግፊቱንና ስኳሩን ሳንቆጥር ነው። ታክሲ ስንነዳ፣ ፓርኪንግ ስንጠብቅ ውለን ማታ ከበድ ያለ እራት በልተን እንተኛለን። እግራችን ሥራ ከፈታ ቆየ። አሁን አሁን ከአገር ቤትም በስልክ የምንሰማው ይኸው ነው፤ የአጎት ልጅ ግፊት ጀመረው፣ አክስት ስኳር ተገኘባቸው።

ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚሉት ተያይዘው የሚመጡ ምልክቶችን ነው፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ አለ ይባላል። የመጀመሪያው የወገብ ውፍረት ነው። ሌሎቹ 130 በ85 እና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ ተለክቶ 100 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስኳር፣ 150 እና ከዚያ በላይ የደረሰ ትራይግሊሰራይድ፣ እንዲሁም የጥሩው ኮሌስትሮል ማነስ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እንዲያውም ቦርጭ ላወጣ ሰው «ተመችቶሃል» እንለዋለን። የልብ ሕመሙና ስትሮኩ ግን ከዚያው ቦርጭ ጋር ይመጣሉ።

እዚህ አሜሪካ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,200 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ያኔ በየኪሱ ስማርት ስልክ አልነበረም። ሰዎቹ የበሉትንና የተንቀሳቀሱበትን ደቂቃ ይመዘግቡ ነበር፤ መዝገቡን አይቶ «ምነው በዚህ ሳምንት?» የሚላቸው አሠልጣኝም ነበራቸው። የዛሬው አፕ መመዝገቡን ያቀልልናል፤ ጠያቂውን ግን አይተካም።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍል አፕ አትፈልጉ። በሳምሰንግ ስልክ ሳምሰንግ ሄልዝ፣ በአይፎን ሄልዝ የሚባለው እርምጃ በነፃ ይቆጥራሉ፤ ለመቁጠር ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚባለው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ የመጣ ቁጥር እንጂ የሐኪም ትእዛዝ ስላልሆነ አያስፈራችሁ። አንድ ሳምንት እንደ ልማዳችሁ ተንቀሳቀሱና አፑ ያሳያችሁን ቁጥር እዩ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ጥሩ ጅምር ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ 150 ደቂቃውን ይሞላል።

የምግቡ ጉዳይ ይከብዳል። ካሎሪ የሚቆጥሩት አፖች ሀምበርገርን አሳምረው ያውቃሉ፤ ሽሮአችንን ግን ወይ አያውቁትም ወይ አንዱ ተጠቃሚ የገመተውን ጽፎበታል። እናንተ ካሎሪውን ትታችሁ ስኳሩን ቁጠሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ከጨመራችሁ 24 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ለስላሳው፣ ኬኩና ሻዩ ገና አልተቆጠሩም። ቡናውን ማንም አይከለክላችሁም፤ ማንኪያውን ግን መዝግቡት።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ጣት ካሜራ ላይ በማስቀመጥ ብቻ ግፊት እለካለሁ የሚል አፕ አትመኑ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ለጾምም ሆነ ለክብደት ቅነሳ ምግባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ስኳር ከመጠን በታች መውረዱም አደጋ አለው።

ጠያቂውን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ለዕድሩና ለማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ። አራት አምስት ሆናችሁ የሳምንቱን እርምጃ እሑድ ማታ ተላላኩ፤ የቀረውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁት። እኛንም ጨምሩንና ጠይቁን፤ ከእናንተ ይልቅ የሚብሰው የእኛ ነው።

አገር ቤት ልንመጣ ስንል «ምን ላምጣ?» ብለን እንጠይቃችኋለን። በሚቀጥለው ጊዜ ሽቶና ጫማውን ተዉትና በክንድ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ አምጡልን በሉን።